በአየር ሠላሳ አምስት ደቂቃ

"ጉራቻ፣ አቁም!" አሉ አቶ ዳባሶ።

ሾፌሩ ጉራቻ ላንድክሩዘሩን አቆመ። ከነገሌ ከወጡ ወዲህ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ መቁጠሩን ትቶታል። አቶ ዳባሶ ምርኩዛቸውን ይዘው ወረዱና ግመል የሚነዳ አንድ ሰው በወሬ ያዙ። "አካም? ነጋ?" ብለው በኦሮምኛ ደህንነቱንና ሰላሙን ጠየቁት። ከዚያ ልጆቹ፣ ግመሎቹ፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ ሣሩ፣ የጎረቤቱ የታመመች ላም ሳትቀር ተጠየቀች። በእነሱ አገር መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው።

ከኋላ ወንበር ሀምዛን ላብ አጥምቆታል። ነገሌ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ጨዋ ልጅ ነው። ዛሬ ሞያሌ ሄዶ መሊካን ለትዳር ሊያስጠይቅ ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ እኚሁ "አቡያ" የሚላቸው የእናቱ ወንድም አቶ ዳባሶ ናቸው። ትናንት የመንገዱን ርቀት ስልኩ ላይ ቢፈልግ "በአየር ሠላሳ አምስት ደቂቃ" የሚል አገኘ። ደስ አለውና እንዳለ ለመሊካ አባት ላከው። "ነገ ለምሳ እንደርሳለን" ብሎም ጨመረበት። በሁለቱ ከተሞች መሀል የሚመላለስ አውሮፕላን አለመኖሩን ልብ አላለውም።

ስልኩ ጮኸ። የመሊካ አባት፣ ሐጂ ሰማታር ናቸው።

"ሀምዛ! የት ሰማይ ላይ ናችሁ? እኛ ከሜዳው ላይ ፍየል ስናባርር ደከመን እኮ!"

"የምን ሜዳ፣ ሐጂ?"

"የምታርፉበት ነዋ! የሰማታር አማች በአውሮፕላን መጣ ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል።" መስመሩ ተቋረጠ።

ጉራቻ ሳቁን መያዝ አቃተው። "ጎማ ተነፈሰብን በላቸው።"

"የአውሮፕላን?"

"እሱስ ጎማ የለውም?"

አቶ ዳባሶ ተመልሰው ነገሩን ሰሙ። "ልጅ ጠይቁልኝ ብለህ አምጥተኸኝ ውሸት ታስቀድምብኛለህ? እዚያ ቤት ገብቼ በየትኛው አፌ ልናገር?"

"እውነቱን ካወቁ አይሰጡኝም፣ አቡያ። በሰው ፊት አዋርጃቸዋለሁ።"

"አፉ ያንተ ነው፤ ልጅቷንም የምትፈልጋት አንተ ነህ።"

ሀምዛ ስልኩን ጥቂት አገላበጠና ደወለ። "ሐጂ፣ አውሮፕላን የለም። በመኪና ነን፤ ገና መሀል መንገድ ዋጭሌም አልደረስንም። ስልኩ ያለውን ሳላስብ ነው የላክሁልዎት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ከወዲያ ሐጂ ፍየል አባራሪዎቹን "ተዉት!" ሲሉ ተሰማ።

"ሽማግሌህ ማነው?"

"አቡያ ዳባሶ።"

"ዳባሶ? ያ ዛፍ ሳይቀር ሰላም የሚለው?" ሐጂ በሳቅ ፈነዱ። "በል እንግዲህ፣ የሚዋሽ አማች ከሚመጣብኝ የሚዘገይ ይምጣ። ምሳውን እዚህ የወጣው ሰው ይብላው፤ እናንተ ለእራት ኑ።"

"ለነገ ቁርስ በላቸው፣ አባ!" አለች መሊካ ከጀርባቸው እየሳቀች።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ጥቂት እንደሄዱ ከግራር ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሱ። አቶ ዳባሶ ለእህታቸው ልጅ አዝነው እንዳላዩ ፊታቸውን አዞሩ። ጉራቻም ነዳጅ ሊረግጥ ነበር።

"አቁም" አለ ሀምዛ። በሩን ከፍቶ ቀድሞ ወረደና እጁን ዘረጋ። "አካም፣ አባ? ነጋ?"