የተቀቀሉ መጫወቻዎች

ዳክዬው ከድስቱ ሥር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። አያትየው በማንኪያ እጀታ ከጎን ከጎኑ ፈለፈሉት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመሩበትና እንደገና ፈለፈሉት። ምንቃሩ ተነሣ፤ ሆዱ ግን ቀልጦ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ወጥ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። መስኮቱን ከፈቱና ለራሳቸው፣ "ይሄንንስ ጀማሪ ተማሪም አይሠራው" አሉ።

ነገሩ ሊጠፋቸው አይገባም ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆነው ነው የኖሩት፤ ዕድሜያቸውን አጎንብሰው ያሳለፉት ዓይን የማያየውን ነገር ሲያዩ ነው። ሰፈሩም "ጋሽ ማይክሮስኮፕ" ይላቸዋል። የሕፃን መጫወቻ ለማጽዳት ሳሙናና ውሃ፣ ከዚያም ደህና አድርጎ ማድረቅ እንደሚበቃ ያውቃሉ። ቢሆንም ከጠዋት ጀምረው ሲቀቅሉ አረፈዱ። ልጃቸው ትናንት ደውላ መጫወቻዎቹን ቀቅለሃቸዋል ወይ ብላ ስትጠይቃቸው፣ ጠዋት እቀቅላቸዋለሁ ብለው ቃል ገብተውላት ነበር።

ያለቻቸው አንድ ልጅ እሷ ናት። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ከእሷ ሌላ የእኔ የሚሉት ሰው የላቸውም። ባለፈው ዓመት የወለደችው ወሩ ሳይገባ ነበር። ሕፃኑ ለሳምንታት ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ቆየ። አያትየው ያዩት በመስተዋት አሻግረው ነው፤ "ሚጢጢ" ብለው ስም ያወጡለትም እዚያው ቆመው ነው። ስሙ ሌላ ቢሆንም ቤተሰቡ ሚጢጢ እንዳለው ቀረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሞቹ፣ ሳንባው ገና አልጠነከረምና ጠንቀቅ በሉ አሏቸው። ልጅቷም ምክሩን ከልቧ ያዘችው። መጫወቻ ትቀቅላለች፣ የበር እጀታ በበረኪና ትወለውላለች፣ እንግዳ ከደጅ ትመልሳለች።

አያትየው ያን ጊዜ በስልክ ቀለዱባት። ትንሽ ጀርም ልጅ አይገድልም፣ አንቺም አፈር ስትልሺ ነው ያደግሽው አሏት። ብዙም ሳይቆይ ሚጢጢ ደረቱን ታሞ ተመልሶ ሆስፒታል ገባ። ከየት እንደያዘው ማንም ሊያውቅ አልቻለም። ልጅቷ ስለዚያ ንግግራቸው አንድም ቀን ወቅሳቸው አታውቅም፤ ጨዋታዋ ግን አጠረ። "ደህና ነን አባዬ፣ አንተስ?" ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ስለ ጀርም ትንፍሽ አላሉም። ሕፃኑ ጥርስ ማብቀሉን ያዩት በስልክ ነው። መዳህ መጀመሩንም እንዲሁ።

መጫወቻ መግዛቱን ግን አላቆሙም። ዳቦ ሊገዙ ወጥተው በአሻንጉሊት ሱቁ በኩል ይመለሳሉ። የገዙትን የባለቤታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ዛሬ ሁሉንም አውጥተው አልጋው ላይ ሲደረድሯቸው፣ አንዳንዶቹ የአራስ ልጅ መጫወቻዎች መሆናቸውን አዩ። ሚጢጢ ሳያያቸው አልፏቸዋል። እነዚያንም አጠቧቸው።

ሕፃኑ ዛሬ ለክትትል ሐኪም ዘንድ ይቀርባል። ሆስፒታሉ ለእሳቸው ሰፈር ቅርብ ነው። ልጅቷ፣ ከዚያ ስንወጣ ጎራ እንላለን ብላቸዋለች። "ጎራ" ያለችውን ሳምንቱን ሙሉ በልባቸው ይዘው ሰነበቱ። ጎራ ማለት ስንት ደቂቃ ይሆን? ትቀመጣለች ወይስ ደጅ ቆማ ትሄዳለች?

ከመቀቀል የተረፉትን መጫወቻዎች ግቢው ውስጥ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀሏቸው። የጎማ ቀለበት፣ ሲወዛወዝ የሚንሿሿው ዓሣ፣ ጆሮው ረጅም ጥንቸል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ባጥሩ ላይ ብቅ ብላ አየቻቸው። ሥራ ቤቷ ከግቢያቸው ጋር ይዋሰናል፤ የሜትር ክሯ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም።

"ጋሼ፣ ምን አጥፍተው ነው የሰቀሏቸው?"

"ሚጢጢ ሊመጣ ነው።"

"ዛሬ? ታዲያ መጥቼ ልየዋ።"

አያትየው ጥንቸሉን እያስተካከሉ እንደ ማፈር አሉ። ልጄ ሰው አትወድም፣ ከሩቅ ብታይው ይሻላል አሏት። ሴትዮዋ ሣቅ ለማለት ሞከረች፤ ፊቷ ግን ቅር እንዳላት ያስታውቃል።

"እኔ ደሞ ምኔ ያስፈራል" አለች። ከዚያ ትክ ብላ አየቻቸው። "ይልቅ ድምፅዎን ምን ነካው? ጋን ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው መሰሉ እኮ።"

"ቤቱን የወለወልኩበት በረኪና ነው።"

"አፍንጫዎን የሚያስጠርግዎትም በረኪናው ነው?"

ቤት ገቡና የባለቤታቸውን መሳቢያ ከፍተው የሙቀት መለኪያ አወጡ። ብብታቸው ሥር አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሲያወጡት ትኩሳት አላቸው፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። ደግሞም አዲስ ነገር አልሆነባቸውም። ጉሮሯቸውን መከርከር የጀመራቸው ትናንት ነው። ትናንትም በረኪናው ነው ብለው ነበር፤ ትናንት ግን በረኪናው ገና አልተከፈተም ነበር።

ሲያጥቡት ያረፈዱት ነገር ከሁሉ የሚቀለው ነበር። እንደ ሚጢጢ ላለ ልጅ የሚያሰጋው መጫወቻው ሳይሆን የታመመ አዋቂ ትንፋሽ፣ አፍንጫውን ጠርጎ ልጅ የሚያቅፍ እጅ ነው። ለእሳቸው ንፍጥ የሆነው ለእሱ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ቤቱን ሁሉ አጽድተው ሲያበቁ የቀረው አንድ ነገር እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ እሳቸውን ደግሞ በምንም አጥቦ ማድረቅ አይቻልም።

ስልኩን አነሡ። የልጃቸውን ቁጥር ነክተው ሳይጠራ ዘጉት። ጭምብል አደርጋለሁ አሉ በልባቸው። ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። አልነካውም፣ ብቻ አየዋለሁ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ ሸሚዝ ቀየሩ፣ ጭምብል ፈልገው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ስልኩን እንደገና አነሡ። ደጅ መኪና ሲቆም ስልኩን እንደያዙት ነበሩ።

ልጅቷ ከታክሲው የወረደችው ሕፃኑን ደረቷ ላይ አዝላ፣ ትልቅ ቦርሳ በትከሻዋ አንጠልጥላ ነው። ከስታለች። በስልክ የምታሳያቸው የልጇን ፊት ስለነበር የእሷን መክሳት አላዩም። ሚጢጢ ግን ጉንጩ ሞልቷል። አያትየውን ሲያይ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ ይህን ሰው የት ነው የማውቀው እንደሚል ዓይነት ፈዞ አያቸው።

በሩን ከፍተው ምን እንደሚሉ ሳያስቡ ልጅቷ ማዘያውን ፈታች። ሕፃኑን በሁለት እጇ ወደ እሳቸው ዘረጋችው።

"አባዬ፣ ያዝልኝ እስቲ። እጄ ዝሏል።"

የአያትየው ክንዶች ራሳቸው ተዘረጉ። የልጁን ካልሲ በጣታቸው ጫፍ ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ሁለቱንም እጆቻቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው ሁለት እርምጃ ራቁ።

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። "ምነው? ተቀይመኸኛል?"

"ኧረ አይደለም። አሞኛል ልጄ። ጉሮሮዬን ከትናንት ጀምሮ ነው፤ ዛሬ ትኩሳትም አለኝ። አትቅረቢኝ።"

ሕፃኑን መልሳ ወደ ደረቷ ሳበችው። የልጁ እጅ ግን እንደተዘረጋ ቀረ።

"ታዲያ ለምን አልደወልክልኝም?"

ስልኬ ተዘግቶ ነው፣ አሁን ነው የተሰማኝ፣ ሊሉ የሚችሉት ብዙ ነበር። "ብደውል ትቀሪያለሽ ብዬ" አሉ።

ታክሲው ሄዷል። ቁጣዋን ጠበቁ፤ ቁጣ የሚገባቸው መሆኑን ያውቃሉ። እሷ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን ሕፃኑ ጀርባ ላይ ደፍታ ማልቀስ ጀመረች። አያትየው አጠገቧ ሊቀመጡ አልቻሉም። ግቢው መሐል ቆመው ጭምብላቸውን አጠለቁ።

ቀስ በቀስ ነገረቻቸው። ባሏ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ሥራው ሩቅ አገር ሆኖበት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። እሷ ከልጁ ጋር በር ዘግታ ትውላለች፣ ሌሊት ትንፋሹን ስታዳምጥ ታድራለች። የምታናግረው አዋቂ ሰው ሳይኖር ቀኑ የሚመሽበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ ሐኪሙ ልጁን መርምሮ ሳንባው ደህና ሆኗል፣ ክብደቱም ጥሩ ነው አላት። ስለ መቀቀሉና ስለ በረኪናው ስትነግረው፣ ከእንግዲህ መጫወቻውን በሳሙናና በውሃ እጠቢ፣ የታመመ ሰው ብቻ አታስጠጊ አላት። ከዚያ፣ አንቺንስ ማን ያግዝሻል ብሎ ጠየቃት።

"አንተ ያልከውን ነው ያለኝ" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

"እኔ ያልኩት ሌላ ነው። እኔ ቀለድኩ። የሚቀለድበት ጊዜ አልነበረም። ያን ጊዜ ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ።"

ቀና ብላ አየቻቸው። ለረጅም ጊዜ ያልሰማችውን ነገር የሰማች ትመስላለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባዬ፣ አንተ ስትይዘው ትንሽ ልተኛ ብዬ ነበር የመጣሁት" አለች።

አያትየው አሁን ገባቸው። ጎራ ማለት ይህ ኖሯል። ከአጥሩ ማዶ የስፌት መኪናዋ ትርር ትርር ትላለች።

"ልብስ ሰፊዋ አለች" አሉ በመጨረሻ። "ዩኒፎርምሽን ትሰፋልሽ የነበረችው።"

"ጤነኛ ናት?"

"ጤነኛ ናት። ልብሷን ትቀይርና እጇን በሳሙና ትታጠብ። ይበቃል።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛማ የሚሆን ሰው የለም። ግን አንቺም እንዲህ ሆነሽ መቀጠል አትችይም።"

ልጅቷ የሚጢጢን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ፣ "እሺ፣ ጥራት" አለች።

በተዘጋ ድምፃቸው ተጣሩ። የስፌት መኪናዋ ጸጥ አለች። ሴትዮዋ ነገሩ ሲነገራት፣ "እኔ ከሩቅ ብቻ የተፈቀደልኝ መስሎኝ ነበር እኮ" ብላ አያትየውን ወጋ አደረገቻቸው፤ ግን ቀሚሷን ቀይራ ለመምጣት ጊዜ አልፈጀባትም። ግቢው ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብላ እጇን ስትፈትግ ሳሙናው እስከ ክርኗ አረፋ ሆነ። ሕፃኑን ስትቀበል ልጅቷ እጇን ቶሎ አልለቀቀችም። ቀስ ብላ ለቀቀች። ቤት ገባች፤ ጫማዋን ስታወልቅ ድምፁ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

ልብስ ሰፊዋ ምንጣፍ ዘርግታ መጫወቻዎቹን ከገመዱ አወረደች። ሚጢጢ ዓሣውን አየው፣ ጥንቸሉን አየው፣ ሁለቱንም ተዋቸው። ሴትዮዋ ልብስ ስትቀይር ሳታስበው አንገቷ ላይ ያስቀረችውን የሜትር ክር በሁለት እጁ ጎትቶ ወሰደና ጫፉን አፉ ውስጥ ከተተ።

"ጋሼ፣ ሜትሬን በላው" አለች ደንግጣ። "ስንት ልብስ የለካሁበት ነው። ምን ይሻላል?"

አያትየው ከግቢው ጥግ፣ ከአጥሩ በር አጠገብ ወንበር ላይ ነበሩ። ሣቃቸው ሳል ሆነና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ምንም አይሆንም። አጠገቡ ሁኚና አንገቱ ላይ እንዳይጠመጥመው ብቻ እዪ። ሲሰለቸው ታጥቢዋለሽ።"

ሚጢጢ ሣቁን ሰማ። ሜትሩን ከአፉ አወጣና ድምፁ ወደ መጣበት ዞረ። በስልክ የሚያውቀው ድምፅ ነው። ክሩን እየጎተተ ከምንጣፉ ወርዶ በጉልበቱና በመዳፉ ሲሚንቶው ላይ መዳህ ጀመረ፤ ወደ እሳቸው። ሴትዮዋ ልትይዘው ብድግ አለች፤ ከዚያ የአያትየውን ዓይን አይታ ቆመች።

"ይምጣ ጋሼ" አለች። "ጭምብል አድርገው የለ። አንድ ጊዜ ጉልበትዎን ይንካ። እሷ እንደሆን ተኝታለች።"

ልጁ ግቢውን አጋምሶ ቀና አለና ሣቀላቸው። ከታች ሁለት ጥርስ አለው። ከላይም አንድ ጫፉ ብቅ ብሏል፤ እሱን በስልክ አላዩትም ነበር።

አያትየው ከወንበራቸው ተነሡ። ልጁ ጨዋታ መስሎት ፍጥነት ጨመረ። እሳቸው የአጥሩን በር ከፍተው ወጡና ከውጭ ዘጉት። ከዚያ ራቅ ብለው፣ በበሩ ፍርግርግ በኩል ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ "ሚጢጢ" እያሉ ከመንገድ ላይ ይጠሩት ጀመር።