ቁልቁለቱ ላይ የቆመው ባቡር

ባቡሩ ከቆመ በኋላም ሌላንድ እጁን ከፍሬኑ ላይ ማንሳት አቃተው። ጣቶቹ ብረቱን እንደጨበጡ ደርቀው ቀሩ። ከኋላው፣ ዓይን ከሚደርስበት አልፎ የተዘረጋው የፉርጎ ሰልፍ እርስ በርሱ እየተላተመ፣ እያቃሰተ ቆየና ጸጥ አለ። ከፊቱ ሐዲዱ በጥዶቹ መሀል ቁልቁል ይወርድና ከኩርባው ጀርባ ይሰወራል። ከኩርባው ሥር ቤልፎርክ አለች፤ ቤቱ ያለባት፣ ሚስቱ በዚህ ሰዓት ዳቦ ቤቷን ከፍታ የምትሸጥባት ከተማ።

«ለምን ቆምን?» አለ ኮርቢን።

ኮርቢን ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ የሒሳብ ሰው ነው። የባቡር ሠራተኞቹ አድማ ከመቱ ወዲህ ኩባንያው አለቆቹንና የቢሮ ሰዎቹን ባቡር ላይ እያሳፈረ መላክ ጀምሯል። ለኮርቢንም አዲስ ቦት ጫማና ቢጫ ሰደርያ ሰጥቶ የሌላንድ ረዳት አድርጎታል። ሌላንድ ራሱ አለቃ ከሆነ ወዲህ ባቡር ነድቶ አያውቅም።

«ፍሬኑ አልሰማኝም» አለ ሌላንድ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

የቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርስ፣ እንደ ድሮ ልማዱ፣ ፍሬኑን በቀስታ ነክቶ ጠብቆ ነበር። ጨመረ፤ ደግሞ ጠበቀ። የፊተኞቹ ፉርጎዎች ሲይዙ የኋለኞቹ ገና ይገፉት ነበር፤ ግፊቱ በወንበሩ በኩል አልፎ አከርካሪው ላይ ተሰማው። ያኔ እስከ መጨረሻው ሳበው። ባቡሩ ቆመ፤ ግማሽ አካሉ ግን ቁልቁለቱን ገብቷል። ከመሀሉ፣ ሲያመልጥ ሰው የሚገድል የክሎሪን ጋዝ የሞሉ ቦቴዎች አሉበት።

ሌላንድ ምን እንደሚከተል ያውቃል። ፍሬኑን የያዘው አየር ነው። አየሩ በዚህ ብርድ በየስንጥቁ እያፈተለከ ይወጣል፤ ሲያልቅ ፍሬኑ ይላላል። በፊት ቢሆን እያንዳንዱን ፉርጎ ጎንበስ ብለው የሚያዩ፣ የሚያዳምጡ መርማሪዎች ነበሩ። ኩባንያው አብዛኞቹን አሰናበተ፤ የቀሩትን ደግሞ በሰዓት እያጣደፈ ሥራቸውን ሩጫ አደረገባቸው። ዛሬ እነሱም ከባቡር ግቢው በር ውጪ ከአድመኞቹ ጋር እሳት እየሞቁ ነው። ይህን ባቡር የመረመረው ሰው የለም። ይህን እያወቀ ይዞት ወጣ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚያዘው ግሬሰን በሬዲዮ ገባ። ብርዱ መለኪያውን አሳስቶት ይሆናል፣ አየሩን ሙላና ቀጥል አለ። ሌላንድ አየር ለመሙላት ፍሬኑን መልቀቅ ግድ እንደሆነ፣ ከለቀቀው ባቡሩ እንደማይቆምለት አስረዳ። ግሬሰን የከተማዋን ሰው ውሃ የሚያጣራው ክሎሪን መሆኑን አነሳ፤ የሌላንድን የአለቅነት ወንበርም አነሳ።

«እዚያ ያለኸው አንተ ነህ፤ እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «የማዘው ግን እኔ ነኝ። ውረድ።»

ሌላንድ የእጅ ሬዲዮውን ደረቱ ላይ ሰቅሎ ስልኩን አወጣና ሚስቱ ጋ ደወለ።

«አርዲስ፣ ሱቁን ዝጊና እናትሽን ይዘሽ ወደ መቃብሩ ኮረብታ ውጪ። ጎረቤት የምታገኚውንም ይዘሽ ውጪ።»

ከጀርባዋ የሱቁ በር ደወል ሲያቃጭል ሰማ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ገና ምንም አላደረግሁም።»

ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት።

መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የየፉርጎውን የእጅ ፍሬን እየዞሩ ማጥበቅ። ሌላንድ ኮርቢንን ወደ መጀመሪያው ፉርጎ ወስዶ የብረቱን መዘውር እንዴት አድርጎ እንደሚያዞር፣ እግሩን የት እንደሚያደርግ አሳየው። ኮርቢን ከንፈሩ ነጥቶ ነበር። ስንት እናስራለን ብሎ ጠየቀ። ሌላንድ የቻልነውን አለው፤ ስንት እንደሚበቃ ግን አልነገረውም። ለሁለት ሰው ከግማሽ ቀን በላይ ይፈጃል። በፊት እንዲህ ያለ ባቡር ላይ አምስት ሰው ይሳፈር ነበር፤ ከዚያ ሁለት ሆነ። ኩባንያው ዛሬ የሚፈልገው አንድ ነው፤ የአድማውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በረዶው ከጉልበት በታች ነው። ሌላንድ ይወጣል፣ ያጠብቃል፣ ይወርዳል፣ ይሮጣል። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ያን ንጋት አስታወሰ። ከዓመታት በፊት፣ በእረፍቱ ቀን ሳይቀር በስልክ እየተጠራ ሲነዳ ሰንብቶ፣ አንድ ማለዳ የነጂው ወንበር ላይ ነቃ። ባቡሩ አንድ ሙሉ ሸለቆ አቋርጧል፤ እሱ ግን አንዲት ዛፍ እንኳ አላየም። ለማንም አልተናገረም። የአለቅነቱን ወረቀት የፈረመው በዚያው ሳምንት ነው። ሰው ለደመወዙ መሰለው፤ እሱ የሸሸው ግን ያንን እንቅልፍ ነበር። የሸሸበት ወንበር ደግሞ ጥርሱን ታሞ፣ ልጁን ሐኪም ቤት ወስዶ ከሥራ ቀረ ብሎ በቀድሞ ጓደኞቹ ላይ የቅጣት ነጥብ የሚያስቆጥር ወንበር ሆኖ አገኘው።

አንዱ ቦቴ ሥር ጎንበስ ሲል መንኮራኩሩ ላይ የተለጠፈች የበረዶ ቁራጭ አየ። እያያት ወደ ታች ዞረች። የዞረችው የጣት ያህል ነው። ቆመች። ደግሞ ዞረች።

ከላይ እስከ ታች ረጅም ሲጥታ በባቡሩ ውስጥ አለፈ። ኮርቢን ከሩቅ መዘውሩን ለቆ ወደ ጥዶቹ ሲሮጥ ታየው። እሱም ለመሮጥ ዳድቶ ነበር። እግሩ አልታዘዝ ስላለው ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ እንደገና መዘውሩን ያዘ።

የመኪና ድምፅ የሰማው ያኔ ነው። በሐዲዱ ጎን ባለው መንገድ ሁለት ፒክ አፖች እየተንሸራተቱ መጥተው ቆሙ። ከፊተኛው የወረደችው ማቪስ ናት። ሌላንድ ነጂ ሳለ ረዳቱ ሆና ዘጠኝ ክረምት አብራው ሠርታለች። ዛሬ ጠዋት ባቡሩ ከግቢው ሲወጣ ጀርባቸውን ካዞሩበት አድመኞች አንዷ እሷ ነበረች።

«አርዲስ ደውላ ነው» አለች። «ስንት አስረሃል?»

«ስድስት። ይንቀሳቀሳል፣ ማቪስ።»

ከኋላዋ የወረዱት ሰዎች አንገታቸውን ወደ ቁልቁለቱ አሰገጉ። የሁሉም ቤት እዚያ ታች ነው። አንዱ፣ ፊቱ እንደ ኖራ የነጣ ጎልማሳ፣ ፍርድ ቤቱ አድመኞች ሐዲዱን እንዳይረግጡ አግዷል፤ ከረገጥን ያስሩናል አለ። ሌላው የሌላንድን ጓንት አየና «ጓንትህ አዲስ ነው አለቃ፤ እንዳይቆሽሽብህ» አለው። የሳቀ አልነበረም። ማቪስ ለመልሱ ጊዜ አላጠፋችም፤ የመጀመሪያዋ ሆና ሐዲዱን ተሻገረች። ሌሎቹ ተከተሏት።

በባቡሩ ርዝመት ተበታተኑ። የብረት መንቋቋት ከአንዱ ፉርጎ ወደ አንዱ እየተቀባበለ ወጣ። ኮርቢን ከጥዶቹ መሀል አንገቱን ደፍቶ ተመለሰና ያቋረጠውን መዘውር ያዘ። ሌላንድ በየመሀሉ ጎንበስ እያለ መንኮራኩሮቹን ያያል። ብዙ ከቆየ በኋላ ነው መቆማቸውን ያመነው።

ማቪስ ጓንቷን አውልቃ የተላጠ መዳፏን እያየች ሌላንድ ወደቆመበት ወደ መጀመሪያው ፉርጎ መጣች።

«ሥራ ጀመሩ ብለህ እንዳታወራብን» አለች። «እኛ ያሰርነው እንዳይሄድ ነው።»

የሌላንድ ደረት ላይ ያለው ሬዲዮ ጮኸ። ግሬሰን የተደረገውን ሰምቷል። ሌላ ነጂ በመኪና እየመጣ ነው፤ ሲደርስ የታሰረው ሁሉ ተፈትቶ እንዲቆይ አለ። አድመኞቹን ደግሞ ፖሊስ ያነሳቸዋል።

ሌላንድ ሬዲዮውን አፉ አጠገብ ያዘ።

«አልፈታም» አለ።

መልሱን ሳይጠብቅ ሬዲዮውን አጠፋው። ከዚያ በኋላ ነው ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ የመጣው፤ የመጀመሪያው ፉርጎ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ከታች በኩርባው ላይ ግሬሰን የላካቸው ነጫጭ መኪኖች ብቅ አሉ። እየቀረቡ ነው። ማቪስ ሰዎቿን ወደ ፒክ አፖቹ መለሰችና የአንደኛውን በር ከፍታ ያዘች።

«ና ግባ» አለችው። «ቦታ አለ።»

ሌላንድ ደረጃውን ተደግፎ ተነሳ። ወደ እሷ አልሄደም። ሁለቱን ደረጃዎች ወጥቶ ከመዘውሩ ጎን ቆመና በሁለት እጁ ያዘው። ብረቱ በጓንቱ ውስጥ አልፎ ያቃጥላል።

ማቪስ ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ወደ መኪናው ውስጥ ሰድዳ ሞተሩን አጠፋች። የኋለኛው ፒክ አፕ ሞተርም ጠፋ። የፒክ አፖቹ በሮች አንድ በአንድ ሲከፈቱ፣ ሰዎቹም ተመልሰው ሲወርዱ ሌላንድ ሰማ፤ ዞሮ ግን አላየም። ዓይኑ የመጀመሪያው ነጭ መኪና ላይ ነበር። መኪናው መንገዱ ዳር ቆመ፤ ከውስጡ የሚወርደው ሰው ግን ገና በሩን አልከፈተም።