ሃያ ሁለት ኪሎ የምትለው መንጠቆ

ይኸነው ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲያዩት ጎረምሳ ይመስላል፤ መሬት ሲወርድ ግን ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንጅባራ ውስጥ ቤት ላይ ያዘመመ ዛፍ ካለ የሚጠራው እሱ ነው። ከሥሩ ቢቆረጥ ጣራ ይዞ የሚወድቀውን ዛፍ እሱ ከላይ ጀምሮ እንደ ሸንኮራ እየከረከመ፣ ቁራጩን በገመድ እያወረደ ይጨርሰዋል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ። «ድሮ የሚያልቀው ዛፉ ነበር፣ አሁን የማልቀው እኔ ነኝ» ይላል። ሚስቱ ዘውድነሽ ይህን ቀልድ መስማት ከጀመረች ዓመታት ስላለፉ አትስቅለትም።

ላይ ሲወጣ ሕይወቱ ያለችው አንዲት ትንሽ ብረት ላይ ነው። ወገቡ ላይ የሚታጠቀውን ቀበቶ ከገመዱ ጋር የምታገናኝ፣ የምትከፈትና የምትዘጋ ቀለበት ናት። የኔትወርክ ታወር ሠራተኞች ካራቢነር ይሏታል፤ ይኸነው መንጠቆ ይላታል። ቀበቶውንም መንጠቆዋንም የሰጠው መሳፍንት የሚባል ታወር ላይ ይሠራ የነበረ ወዳጁ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር ሲዛወር ትቶለት ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት ያለ ሐሳብ ተንጠለጠለባት። ዘንድሮ ግን እንደ ባለቤቷ ደከመች። ሞላዋ ላላና የምትከፈተው ምላሷ አንዴ ከተከፈተች መመለስ አቃታት። እሱም በጆንያ ክር እያሰረ መውጣቱን ቀጠለ።

ማክሰኞ ዘውድነሽ ምሳ ይዛለት ሥራ ቦታው ድረስ ሄዳ ነበር። ከዛፍ ሲወርድ ክሩ ተበጥሶ፣ የመንጠቆዋ ምላስ እንደ ጠማው ውሻ ምላስ ተንጠልጥሎ አየች። አልጮኸችም። ሳህኑን አስቀመጠችና ወይ አዲስ መንጠቆ ይገዛል ወይ ከእንግዲህ መሬት ላይ ይኖራል አለችው። እውነቱን ለመናገር፣ መሬት ላይ መኖሩ ለይኸነው ጉልበት ደስታ ነበር። ግን ለእትዬ የሻረግ ቃል ሰጥቷል። የእሳቸው ባሕር ዛፍ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደ መኝታ ቤታቸው ይጎነበሳል። ቅዳሜ እቆርጠዋለሁ ስላላቸው አልጋቸውን ሳሎን አውጥተው ይጠብቁታል።

ሐሙስ ሚኒባስ ተሳፍሮ ዳንግላ ገባ። ከመናኸሪያው በጋሪ እየተንገጫገጨ ልጓም፣ ሰንሰለትና ገመድ ወደሚሸጥበት የአዝመራው ሱቅ ሄደ። አዝመራው ጨዋ ነጋዴ ነው፤ የማያውቀውን ዕቃም ቢሆን በትሕትና ይሸጣል። ሁለት መንጠቆ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረለት።

አንደኛዋ ግራጫ፣ እንደ ዕንቁላል የቀለለች፣ ምላሷ ላይ እየተጠመዘዘ የሚቆልፍ ቀለበት ያላት ነበረች። አቧራ ጠጥታለች። ጎኗ ላይ ሃያ ሁለት ቁጥር፣ አጠገቡም ኬ እና ኤን የሚሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሰባትና ሰባት የሚሉ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ። ሁለተኛው ጥቁርና ከባድ፣ የጋሪ ፈረስ የሚታሰርበት ነው። እሱ ላይ መቶ ሰማንያ ኪሎ ይላል።

ይኸነው እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሯል፤ ኬ የኪሎ መሆኗን ያውቃል። ኤኗን ምን ቤት ናት ብሎ አለፋት።

«ሃያ ሁለት ኪሎ?» አለ ግራጫዋን መዳፉ ላይ እያገላበጠ። «እኔኮ ሥልሳ ስምንት ነኝ፤ ያውም ሳልበላ።»

«እንግዲህ ጋሼ፣ አንድ እግርዎን ያንጠለጥሉባታል» አለው አዝመራው። «ጓደኛዋን ባለፈው ለበግ ማሰሪያ ሸጫታለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ክርክር አላስፈለገም። በአዊ አገር ተወልዶ ፈረስ የሚይዝን ነገር የሚጠራጠር ማን አለ? ፈረስ ያልሰበረውን ነገር ሥልሳ ስምንት ኪሎ ሽማግሌ አይሰብረውም። ደግሞ ክብደቱ ራሱ እጅ ላይ ሲያርፍ ያሳምናል። ጥቁሩን ይዞ፣ በሚኒባሱ መስኮት ላይ ግንባሩን አስደግፎ እያንቀላፋ ተመለሰ።

ዘውድነሽ አዲሱን ብረት ተቀብላ መዘነችው፣ ምላሱን ከፍታ ዘጋችው፣ ከዚያ ዝም አለች። የእሷ ዝምታ ይኸነውን ከጥያቄ በላይ ያደክመዋል። ስለዚህ ሳይጠየቅ ስለ መቶ ሰማንያው፣ ስለ ሃያ ሁለቱ፣ ስለ በጉም አስረዳት።

«የጉድጓዳችን ገመድ አምና መቼ ነው የተበጠሰው?» አለች።

«ባልዲው ካንቺ እጅ ያመለጠ ዕለት።»

«ስጎትተው ነው?»

«አይ፣ ወርዶ ወርዶ ሲቆም።»

«እህ» አለች።

ወዲያው ለዘር ካስቀመጠችው ድንች በክብደት እሱን የሚያህል አንድ ጆንያ ሙሉ አስወጣችው። ግቢያቸው ካለው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ገመድ አስረው፣ በጥቁሩ መንጠቆ ጆንያውን አንጠለጠሉት። ቻለ። ይኸነው ጆንያውን እንደ ሕፃን እያወዛወዘ ሚስቱን በኩራት አያት። እሷ ግን ገመዱን አስረዘመችና ጆንያውን ከዛፉ አጠገብ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ እንዲያወጣው አዘዘችው። ወገቡን እየረገመ አወጣው።

«በል አሁን ግፋው። አንተ ነህ፤ እግርህ ሸርተት አለ በለው።»

ገፋው። ጆንያው ሁለት ክንድ ያህል ወርዶ ገመዱ ሲወጠር ጧ! አለ። የመንጠቆው አንገት እንደ ሸክላ ተሰበረና ጆንያው መሬት ላይ ፈነዳ። ድንቹ እስከ አጥሩ ድረስ ተንከባለለ።

ይኸነው ካቡ ላይ ቁጭ አለ። ድንቹን ትክ ብሎ አየ። ዘውድነሽም አልሳቀችበትም፤ ነጠላዋን አደግድጋ መልቀም ጀመረች። ቆይቶ ተነሣና ከጎኗ ሆኖ ለቀመ። ጎንበስ ባለ ቁጥር ጉልበቱ ይጮኻል።

ድንቹ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ኔትወርክ የሚገኝበት አጥር ጥግ ቆሞ ለመሳፍንት ደወለ። መሳፍንት ነገሩን እስኪጨርስ ሰማውና አንተ ሰው፣ ከፈረስ ሌላ የምታምነው የለህም ወይ ብሎ ተቆጣው። ፈረስ ይጎትታል እንጂ ከዛፍ አይወድቅም፤ የሚወድቅ ሰው ሲቆም ክብደቱ የራሱ ክብደት አይደለም፣ ብዙ እጥፍ ነው አለው።

«ሌላዋማ ሃያ ሁለት ኪሎ ነው የምትለው» አለ ይኸነው።

«ኪሎ ማን አለህ? ኬ ኤን ነው። ሒሳቡ ሌላ ነው፣ አንተ ግን ኩንታል ብለህ አንብባት፤ ብዙም አትሳሳትም።»

ሃያ ሁለት ኩንታል። የአይሱዙ ግማሽ ጭነት ነው፤ በመዳፉ ይዞ የበግ ማሰሪያ ናት ሲባል የሳቀባት።

መሳፍንት ቀጠለ። ሃያ ሁለቱ በቁመቷ ስትወጠር ነው። በወርዷ ከተወጠረች ሰባት ብቻ ናት፤ ምላሷ ተከፍቶም ሰባት። ስለዚህ መቆለፊያዋን ሳትጠመዝዝ እንዳትደገፍባት፣ ከመደገፍህም በፊት በቁመቷ መሆኗን በዓይንህ እይ አለው። ይኸነው ሁሉንም ጮክ ብሎ ደገመ፤ ዘውድነሽ እንድትሰማ።

ዓርብ እንደገና ሚኒባስ፣ እንደገና ጋሪ። አዝመራው የተሰበረውን ብረት አይቶ ፊቱ ከሰል መሰለ። የኩንታሉን ነገር ሲሰማ ደግሞ፣ «ያቺ ጓደኛዋኮ በግ ታስሮባት ጥሊሊ ከተማ ናት» አለ። ግራጫዋን በጨርቅ ወልውሎ በሁለት እጁ ሰጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ይኸነው የእትዬ የሻረግን ዛፍ ወጣ። ቀስ እያለ፣ በየእርከኑ እያረፈ። ከጣራው በላይ ደርሶ ገመዱን በግንዱ ዙሪያ አዞረና ግራጫዋን መንጠቆ አስገባ። ጠመዘዛት። ቁመቷን አየ። እንደገና ፈትቶ ጠመዘዛት። ቅለቷ አሁንም አላሳመነውም፤ እጁ ግንዱን አለቅም አለ። ከታች ዘውድነሽ አንገቷን ሰቅላ ታየዋለች። በመጨረሻ አንዱን እጁን፣ ከዚያ ሌላውን ለቀቀና ወደ ኋላ ተደገፈ።

መንጠቆዋ ሲጥ እንኳ አላለችም። ቀበቶው ወገቡን አቀፈው፣ ክብደቱ ሁሉ ከጉልበቱ ላይ ወረደለት። የጆንያ ክር ማሰር ከጀመረ ወዲህ ላይ ሆኖ ሙሉ ሰውነቱን ለምንም ነገር ለቆ አያውቅም ነበር። መጋዙን ሳያነሣ፣ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ቆየ።

«ምን ነካው?» አሉ እትዬ የሻረግ ከታች። «አንተ ይኸነው፣ ተኛህ እንዴ?»

«ትንሽ ልረፍ፣ እትዬ» አላቸው፤ ዓይኑን ሳይከፍት።