ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት

የኢንተርኔቱን መዝገበ ዕውቀት ያለ ክፍያ የሚጽፉት ሰዎች ሥራ ፈቶች ናቸው ቢባል የሚከራከር ሰው አልነበረም፤ ራሱን ጨምሮ። እሱ የአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። ጠዋት ሙሉ በመስኮቱ በኩል "ካርዴ የት ገባ?" ከሚለው ሕዝብ ጋር ሲጨቃጨቅ ያረፍድና፣ ለምሳ ሲዘጋ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከፍቶ በዓይኑ አይቷቸው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይጨቃጨቃል። እዚያም የሚታወቀው "ካርድ ክፍል" በሚል ቅጽል ስም ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ወንዞች፣ ስለ ወፎችና ስለ ድልድዮች ሲጽፍ ማንም ክፉ ተናግሮት አያውቅም።

ከድልድዮቹ በአንዱ ላይ አንድ አውቶቡስ መንገዱን ስቶ ወንዝ ገባና ሃያ ሦስት ሰው አለቀ። ያኔ ነገር መጣ።

መጀመሪያ የተጣሉት በርዕሱ ነው። "አደጋ" ይባል፣ የለም "እልቂት" ይባል ሲሉ ሁለት ቀን ፈጁ። ከዚያ "የወንዝ ዳር ልጅ" የሚባለው ጸሐፊ ስለ ውሃው ቀለምና ስለ እናቶች እንባ አንድ ገጽ ሙሉ ግጥም ቢጤ ዘረገፈ፤ ግጥሙን ለምኖ ለማስነሳት ሌላ አንድ ቀን ሄደ። ሰው ሞቶ እነሱ ስለ ነጠላ ሰረዝ ይነታረካሉ። ካርድ ክፍል ጥርሱን ነክሶ ቆየ፤ እሱ የፈራው ጠብ ገና አልመጣም ነበር።

ያን ጠብ ይዞት የመጣው "ደንቡ ይላል" ነው። የዚህ ሰው ትክክለኛ ቅጽል ስም ሌላ ነው፤ ግን ያለ "ደንቡ ይላል" አንድም ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ስለማያውቅ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራው። አንድ ጋዜጣ የሟቾቹን ስም ዝርዝር አውጥቶ ነበር። ከዝርዝሩ ሥር ደግሞ ሹፌሩን በስሙ ጠርቶ "ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ይነዳ እንደነበር ተገምቷል" ብሏል። የገመተው ማን እንደሆነ አልጻፈም። ደንቡ ይላል ዝርዝሩንም ግምቱንም እንዳለ ገልብጦ ገጹ ላይ አስቀመጠው። በጋዜጣ የወጣ ነገር ይጻፋላ፣ በቃ።

ካርድ ክፍል ደሙ ፈላ። የፖሊስ ምርመራው አላለቀም፤ የአውቶቡሱ ፍሬን እንኳ ገና አልታየም። ዘጠኝ ቀን ምሳውን ሳይበላ ተሟገተ። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠና አምስት ለአራት አሸነፈ፤ ግምቱም የሹፌሩም ስም አንድ ላይ ተሰረዙ። ከሃያ ሁለት ስሞች ቀጥሎ፣ በተራ ቁጥር ሃያ ሦስት ላይ "የአውቶቡሱ አሽከርካሪ" ብሎ የጻፈው ራሱ በእጁ ነው።

አንድ ያልተናገረው ነገር ነበር። የሟች ዘመድ ድምፅ አይሰጥም፤ ይሄም ደንብ ነው። ሹፌሩ የአክስቱ ልጅ ነበር። በአንድ አልጋ ላይ ራስና ግርጌ ሆነው እየተኙ ነው ያደጉት።

ረቡዕ ጠዋት አክስቱ ለደም ግፊት ክትትሏ መጣች። ሁለቱንም የደንብ ልብስ እየሰፋች ያሳደገቻቸው ሴት ናት፤ እሱም "እቴቴ" ማለት ከልጅነቱ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተወም። ካርዷን ከመደርደሪያው ሲያወርድ፣ በመስኮቱ ቀዳዳ የታጠፈ ወረቀት አሾለከችለት። ጎረቤቷ ከኮምፒውተር አትማ የሰጠቻት ነው። ገና ሲገልጠው ገጹን አወቀው።

"አንተ የዚህ ነገር ሰው ነህ። ይሄን የሚጽፉት እነማን ናቸው?"

"ብዙ ናቸው እቴቴ። ማንም ይጽፋል።"

"ማንም ይጽፋል።" መነጽሯን አጠለቀች። "ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ሃያ ሁለቱ ስም አላቸው፣ ረዳቱ እንኳ አለ። የኔ ልጅ ብቻ የሥራ መደብ ሆኖ ቀረ።"

"ለእሱ ተብሎ ነው እኮ። ጋዜጣው በፍጥነት ነድቷል እያለ..."

"የሚሉትን ያልሰማሁ መሰለህ? እየሰማሁ ነው የቀበርኩት።"

ከኋላዋ የተሰለፈ ሰውዬ "እናቴ፣ ቶሎ በሉ እንጂ" አለ። ዞር ብላም አላየችው።

"ስም ለሌለው ሰው ምን ብዬ ልሟገት? አጥፍቷል የሚሉ ከሆነ በስሙ ይበሉኝና እኔ ልመልስላቸው። ስሙን የሰረዘውን ሰው ፈልግልኝ።"

"እሺ" አለ። ወረቀቱንና ካርዷን በቀዳዳው አሳለፈላት።

ለምሳ በሩን ዘግቶ ተቀመጠና "የሹፌሩ ስም ይመለስ" ብሎ ጻፈ። መልሱ ለመምጣት ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ይሄ ሰው ሥራ የለው፣ ምሳ አይበላ፣ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?

"ደንቡ ይላል፦ በድምፅ የተዘጋ ውይይት አዲስ ምክንያት ካልቀረበ በስተቀር ለስድስት ወር አይከፈትም።"

"እናት አለችው።"

"ሁሉም ሟቾች እናት አላቸው። አዲስ ምክንያት አይደለም።"

"እሺ፣ ስሙ ብቻ ይግባ፤ ግምቱ ይቅር።"

"ድምፅ የተሰጠው በሁለቱም ላይ በአንድነት ነው። አንድ ላይ ይታዩ ብለህ የጠየቅኸው ደግሞ አንተ ነህ።"

እውነቱን ነው። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ሁለቱን የጠቀለላቸው እሱ ነው። ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው የካርዱ ክምር ተንዶ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ለቅሞ መልሶ በፊደል ተራ እስኪደረድር የምሳ ሰዓቱ እኩሌታ ሄደ። በደንቡ ይላል ተናደደ፣ በራሱ ተናደደ፣ ይሄን መዝገብ ፈጥሮ ለሰው በሰጠው ሁሉ ተናደደ። ከሁሉም ያበገነው አዲስ ምክንያት መኖሩ ነበር። አንድ ብቻ።

"የሟቹ የአክስት ልጅ ነኝ" ብሎ ጻፈ። "ድምፅ መስጠት አልነበረብኝም። ይሰረዝ።"

አሁን መልሱ ዘገየ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ መጣ። "ደንቡ ይላል፦ የዘመድ ድምፅ አይቆጠርም። ውጤቱ አራት ለአራት ይሆናል። እኩል ሲሆን ከክርክሩ በፊት የነበረው ጽሑፍ እንዳለ ይመለሳል፤ ግምቱም ጭምር። አንተም ከእንግዲህ በዚህ ገጽ ላይ አትጽፍም።" ከሥሩ ሌላ መስመር ነበር። "አላወቅሁም ነበር። መጽናናትን እመኝልሃለሁ።" በስድስት ዓመት ውስጥ ሰውየው ደንብ ሳይጠቅስ ሲጽፍ ያየው ይሄን ብቻ ነው። በዚህም ተናደደ፤ እንደ ልቡ እንዳይጠላው እንኳ ከለከለው።

ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ አክስቱ ቤት ሄደ። ስልኩን ከፍቶ የተመለሰውን ዝርዝር ከአንድ ጀምሮ አነበበላት፤ አንዱንም እንዲዘል አልፈቀደችለትም። ሃያ ሦስት ላይ ሲደርስ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጠራው። ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን ዓይኗን ገለጠችና "ከሥሩ ያለውስ?" አለች።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።

"ከፍ አድርገህ።"

"ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ይነዳ እንደነበር ተገምቷል።"

"ማን ነው የገመተው?"

"አይልም።"

"እንግዲያው ነገ ጋዜጣው ቢሮ ሄጄ እጠይቃለሁ።" መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። "የሰረዘውንስ ሰው አገኘኸው?"

መንገድ ላይ ውሸት አዘጋጅቶ ነበር፤ ሩቅ ያለ፣ የማይታወቅ ሰው ነው ሊላት። አፉ ላይ ሲደርስ ጠፋበት።

"እኔ ነኝ፣ እቴቴ። እንዳይሰድቡት ብዬ ነው።"

የጠረገችውን መነጽር አጥልቃ አየችው።

"እሱን እንዳይሰድቡት ነው፣ ወይስ አንተን የማን ዘመድ ነህ እንዳይሉህ?"

በዘጠኝ ቀን ሙግት ይሄን ጥያቄ ማንም አላነሳበትም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም። መልሱን ግን ያውቀዋል። በመስኮቱ ከሚመጣው ሕዝብ መሐል የሃያ ሁለቱ ዘመድ ቢኖርስ እያለ፣ ስንት ቀን አንገቱን ደፍቶ ነው ካርድ ያደለው።

"ሁለቱም ነው" አለ።

"እሱ ቢሆን ያንተን አይሰርዝም ነበር።" ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቦርሳውን ዘጋችው። "ነገ ፈቃድ ጠይቅና አብረኸኝ ትሄዳለህ። ማን ነህ ሲሉህ፣ ወንድሙ ነኝ ትላቸዋለህ።"