መንገድ ላይ ያለ አልደረሰም

በቤተ ሙከራው ውስጥ «ዝምታ» እያሉ የሚጠሯት ተመራማሪ አለቃዋን አሻፈረኝ ያለችበትን ቀን ባልደረቦቿ ዛሬም ያነሱታል።

ሥራዋ ገና ያልተመረተን የኮምፒውተር ፕሮሰሰር በፕሮግራም አስመስሎ በሚያሠራ ሲሙሌተር ላይ ነበር። ፕሮሰሰሩ መረጃ ሲፈልግ መጀመሪያ አጠገቡ ያለችውን፣ ካሽ የምትባል ትንሽና ፈጣን ማከማቻ ይጠይቃል፤ ከሷ ካጣ ሁለተኛዋን፣ ከዚያ ሦስተኛዋን። ሦስቱም ባዶ እጁን ከመለሱት ሩቅና ዘገምተኛ ወደሆነው ዋናው ሜሞሪ ይሄዳል። አለቃዋ ዶክተሩ የነደፉት ፕሮሰሰር ከመቶ ጥያቄ ዘጠና አንዱን ከመጀመሪያዋ ካሽ ያገኛል ተብሎ ተጨብጭቦለታል። ቁጥሩ አልዋጥላት አለ። ይህን ያህል ከቅርብ የሚያገኝ ከሆነ ለምን ይንቀራፈፋል?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለፍታ፣ መልሱ ከየትኛው ደረጃ እንደመጣ የሚመዘግብ መለያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አበጀችለት። ጉዱ ወጣ። ከሜሞሪ ገና በመምጣት ላይ ያለን መረጃ ሌላ ጥያቄ ሲፈልገው፣ ሲሙሌተሩ «ከመጀመሪያዋ ካሽ ተገኘ» ብሎ ይቆጥር ኖሯል። እውነተኛው ቁጥር ስልሳ ሁለት ነበር።

ዶክተሩ ሰንጠረዡን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ሲሙሌተር አንቺ ሳትመጪም ነበረ። መለያሽን አውጪው፤ የጥናት ጽሑፋችን ዓርብ ለመጽሔት ይላካል።»

«አላወጣውም፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ከጽሑፉ ላይ ስምሽ ይወጣል።»

«ይውጣ። መንገድ ላይ ያለውን ደርሷል ብዬ አልፈርምም።»

ከሰዓት በኋላ ለታላቅ እህቷ ደወለች። ልብስ ሰፊዋ እህት የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ሰማቻት።

«አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ ብዬሽ አልነበር?»

«አንገቴን ደፍቼማ ነው ያገኘሁት፣ እታለም።»

መኪናው ቆመ። «እንዲያ ከሆነ ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ጽሑፉ ዓርብ ያለ ስሟ ተላከ። ሰኞ ጠዋት እሷም መለያውን፣ ማንም ሊሞክረው ከሚችል አጭር ማረጋገጫ ጋር፣ የሲሙሌተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ በሚገናኙበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ለጠፈችው፤ ከሥሩ ስሟን ጻፈች። ዶክተሩ ይህን ሲሰሙ ጠረጴዛዋን ፕሪንተሩ ወዳለበት ጥግ አስወሰዱት። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ተቀረቀረብኝ የሚል ሰው ሲመላለስባት ዋለ፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች።

ከሁለት ወር በኋላ የሲሙሌተሩ ባለቤቶች ማስተካከያዋን ተቀበሉት። የዶክተሩን ጽሑፍ የሚገመግሙት ሰዎችም «በተስተካከለው እንደገና ይለካ» ብለው መለሱት። ዶክተሩ ወደ ጥጉ መጡ። ይቅርታ የምትል ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣችም።

«ስምሽን እመልሰዋለሁ» አሉ።

«መጀመሪያ ቁጥሩ ይስተካከል» አለቻቸው።

ዶክተሩ ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ።