የማይፈታው አንገት

ሴቶቹ ገና ደረጃው ላይ ሳሉ ለቅሶ ጀመሩ፤ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቤዝ ጊታርም አብሯቸው አጉረመረመ። ሳሎን ከተቀመጠው ሰው ማንም ልብ አላለውም። ሠርካለም ግን ፍራሹ ላይ ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ ለሚለየው ለዚያው ግድግዳ ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር ድምፁ በጀርባዋ ገባ። ሴቶቹ ከፍ ሲያደርጉ ቤዙም ከፍ ያደርጋል፤ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ሲያቆሙ ደግሞ እሱ ብቻውን ጥቂት ቆይቶ ዝም ይላል።

ባሏን ሙላውን ቀብረው የተመለሱት በዚያው ቀን ነው። "ፊቴን ልታጠብ" ብላ ተነሣችና መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። መዳፏን ክሮቹ ላይ ጫነች፤ ዝም አለ። እጇን ስታነሣ ሌላ ለቀስተኛ መጣ፤ እሱም ቀጠለ። መቼም ሐዘኑ እስኪያልቅ እጇን እዚያ ጭና አትቆም።

ከአዲስ አበባ ካይሮ ድረስ ለለቅሶ የመጡት የሙላው አክስት፣ እትዬ አዳነች፣ ጠዋት አንድ ነገር ጣል አድርገው ነበር። አባታቸው በገና ደርዳሪ ነበሩ፤ ያረፉ ዕለት የበገናቸው ጅማት ላልቶ እስከ አርባቸው ድረስ እንደዚያው ተቀመጠ። "በእኛ ቤት እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ሲያርፍ መሣሪያውም ያርፋል" ነው ያሉት። አድርጊ ብለው አላዘዟትም። ሠርካለም ግን ያቺን ወሬ እንደ ፈቃድ ይዛ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አዞረች፤ ክሮቹ እንደ ረገበ የልብስ ገመድ እስኪንጠለጠሉ ድረስ። ከዚያ ነጠላ አለበሰችው። ስትወጣ እትዬ አዳነች በበሩ በኩል አይተው "ወግ ታውቂያለሽ፣ ልጄ" አሏት። ወጉ ሽፋን ነበር። ድምፁን መስማት አልቻለችም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ያን ቤዝ ሙላው በገዛ እጁ የሠራው በሁለት ዓመት ነው። ያን ጊዜ ሙላው መሐል ከተማ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የሙዚቃ መሣሪያ ይጠግናል፤ ማታ ማታ በሐበሻ ሠርግ ላይ ይጫወታል። ሠርካለም የአየር መንገድ ሠራተኛ ናት፤ አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ፣ የአባቱ ቤት ሲፈርስ ከምሰሶው የተረፈውን ወይራ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አመጣችለት። የአየር ማረፊያው ፈታሽ ብርድ ልብሱን ገልጦ እንጨት ሲያገኝ "ያ መዳም፣ በእኛ አገር እንጨት የለም እንዴ?" ብሎ ስቆባት ነበር።

ወይራውን መሐል አድርጎ ግራና ቀኝ በዚህ አገር ዛን የሚሉትን እንጨት አጣበቀበት። "አንድ እንጨት ብቻውን ከሆነ አየሩ እንደ ፈለገ ያጣምመዋል" አላት፣ ጣቱ ላይ የደረቀውን ኮላ እየላጠ። "ሦስት ሆነው ሲያያዙ ግን አንዱ ልጣመም ሲል ሌሎቹ ይይዙታል። የአባቴ ወይራ ደግሞ ጭስ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚደርቀው ነገር የለውም።" አንገቱም እንደ ብዙዎቹ ቤዞች ተለይቶ ተሠርቶ በብሎን የሚታሰር አልነበረም። ከአናቱ ተነሥቶ በሆዱ መሐል አልፎ እስከ ታች የሚወርድ አንድ ወጥ ነው።

አብሮት በባንድ የሚጫወተው ጊታር ተጫዋች አንተነህ በዚህ ሳይስቅበት የዋለበት ቀን የለም። "ብሎን ይሻልሃል። ሲመታ ጥርት ይላል፤ የተበላሸ ዕለት ፈትተህ ሌላ ትገጥማለህ። ይሄ ቢጎብጥብህ ምን ልታደርግ ነው?"

"አይጎብጥም። ደግሞ ድምፁ ይቆያል፣ ስማው" አለ ሙላው፤ ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። "ሠርኬ፣ ነይ ጆሮሽን እዚህ ለጥፊ።" ማጉያ አልሰካም። ጆሮዋን አንገቱ ላይ ብትለጥፍ፣ የመታት ክር ከእንጨቱ ወደ ጉንጯ፣ ከጉንጯ ወደ ጥርሷ ገባች። ትጠፋለች ስትል አልጠፋችም። ያን ቀን ሠርካለም በባሏ ኮርታ ነበር።

ሐዘን ቤት መቼም ወሬ አያጣም። ጎረቤቷ ኢማን ወንበር እያስመጣች፣ ፔርሙዝ እየሞላች "ማሌሽ፣ ያ ሐቢብቲ" እያለች በዐረብኛዋ ታጽናናታለች። ውጭ ኸማሲን የሚሉት የበረሃ ንፋስ ይነፍሳል፤ አሸዋው በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ የንፍሮው ሳህን ላይ ሳይቀር ያርፋል። ዓርብ ዕለት ሸይኽ ዛይድ ሰፈር በየሰው ቤት የሚሠሩት ልጆች ፈቃድ አግኝተው መጡ። ከመካከላቸው ቅድስት የምትባለው፣ የሟች ሚስት የትኛዋ እንደሆነች ሳታውቅ፣ እዚያው ከሠርካለም አጠገብ ተቀምጣ ለጓደኛዋ ታንሾካሹካለች።

"የኔን ሠርግ የተጫወተው እሱ ነው። ከተወው ወዲህ ግን ኸላስ፣ የማንም ሠርግ ደስ አይልም። በኦርጋን ብቻ፣ ያዕኒ፣ ሠርግ አይመስልም።"

"ለምን ተወው?"

"እኔ እንጃ። ኦክቶበር ከተማ መጋዘን ገባ አሉ።"

ሠርካለም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከወዲያ በኩል ደግሞ የኤምባሲ ሰው ሚስት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ ሊያጽናኗት ጎንበስ አሉ። "አይዞሽ። ያላደረግሽለት ነገር የለም። ከዘፈን ቤት አውጥተሽ የደመወዝ ሰው አደረግሽው፤ ይሄ ቀላል ነው?" አሏት። በቅን ልብ ነው ያሉት። ከስድብ የባሰ ሆነባት።

ነገሩ የተጀመረውም እዚሁ ወይዘሮ መዓዛ ቤት ነበር። እራት ተጋብዘው ሳለ አንድ እንግዳ ሙላውን "አንተስ በምን ሥራ ነህ?" አለው። "ሙዚቀኛ ነኝ" ሲል ሰውየው ሳቅ ብሎ "እህ፣ አዝማሪ!" አለ፤ ገበታው ሁሉ ሳቀ። ሙላውም ሳቀ። ሠርካለም ግን ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ "ሰው ባልሽ ምን ይሠራል ሲለኝ ምን ልበል?" አለችው። ቢቆጣ ትታገለው ነበር። እሱ ግን በመስኮቱ እያየ "ምን ብትይ ደስ ይልሻል?" አላት።

በምታውቀው ሰው በኩል ኦክቶበር ከተማ የመጋዘን ኃላፊነት ያገኘችለት እሷ ናት። ከሚኖሩበት ከሄሊዮፖሊስ እዚያ ድረስ ካይሮን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ ጠዋት ማይክሮባስ፣ ማታ ማይክሮባስ። ቤዙን መኝታ ቤት ሰቀለው። ዓርብ ዓርብ ግን ያወርደውና ይቃኘዋል፤ ቃኝቶ ሳይጫወት መልሶ ይሰቅለዋል። ያ ሳይጫወቱ መቃኘት ያበሳጫት ነበር፤ ወቀሳ ይመስላታል።

"የማትጫወተውን ምን ያስቃኝሃል?"

"ክሩ ወደ ፊት ይስበዋል፤ አንገቱ ውስጥ የቀበርኩት ብረት ወደ ኋላ ይይዘዋል። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሁለቱ ሲጓተቱ ነው። አንዱ ከለቀቀ ሌላው ያጎብጠዋል።"

"ለእንጨት ስትጨነቅ" ብላው ወጣች። አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ ማይክሮባሱ ውስጥ አረፈ። "ተኝቶ መስሎኝ" አለ ሾፌሩ፤ ሁሉም ሲወርድ ሊቀሰቅሰው ሄዶ ነው ያወቀው።

አንተነህ የመጣው ያን ዓርብ ከሰዓት ነው፤ መርዶው የደረሰው ለሥራ በሄደበት በቀይ ባሕር ዳርቻ ነበር። በወንዶቹ መሐል ተቀምጦ አለቀሰ። ሲረጋጋ "ሠርኬ፣ ቤዙን ልየው?" አላት በቀስታ። ወደ መኝታ ቤት ይዛው ገባች፤ እትዬ አዳነችም ተከተሏቸው።

ነጠላውን ገለጠው። የተንጠለጠሉትን ክሮች በጣቱ ነካ አደረገ። አወረደው፣ ታችኛውን ጫፍ ትከሻው ላይ አስደግፎ በአንድ ዓይኑ አንገቱን ወደ አናቱ አየ፤ እንደሚያነጣጥር ሰው። ረጅም ጊዜ አየ።

"ማን ነው ያላላው?"

"እኔ" አለች ሠርካለም።

"አንገቱ ወደ ኋላ ጎብጧል።" አንተነህ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ብረቱ ጠብቆ ክሩ ላልቶ፣ በዚህ ላይ ይሄ ደረቅ ንፋስ። የብሎን ቢሆን ፈትተን ሌላ እንገጥም ነበር። ይሄ አይፈታም፣ ሠርኬ። አንገቱ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ።"

ሙላው ቤዙን ሲቃኝ ያላት ቃል አንድ ሳይጎድል ትዝ አላት። ነግሯት ነበር። አንዱ ከለቀቀ ሌላው ያጎብጠዋል ብሎ በአፉ ነግሯት ነበር። በሕይወት ሳለ ዝም ያሰኘችው አንሶ፣ የቀረውን ደግሞ በቀብሩ ቀን በገዛ እጇ አላላችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ ያልኩሽ። የአባቴ በገና መቼ ብረት ነበረው?" አሉ እትዬ አዳነች።

"የእርስዎ አይደለም፣ እትዬ።"

"ዛሬ ቀስ እያልን ከወጠርነው ሊመለስ ይችላል" አለ አንተነህ። "ግን መጀመሪያ ብረቱን ትንሽ ማላላት አለብን። ለዚያ የምትሆን ትንሽዬ መፍቻ ነበረችው፣ እንደ ክርን የታጠፈች። የት ያኖራታል?"

ሠርካለም ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ከሆስፒታሉ የሰጧት የላስቲክ ከረጢት እንደ ታሰረ ነበር። ፈታችውና የሙላውን ቁልፎች አወጣች። የቤቱን አወቀችው፤ የመጋዘኑን አወቀችው። በመሐላቸው የታጠፈች፣ ጫፏ ባለ ስድስት ጎን የሆነች ብረት አለች፤ የመጋዘን ዕቃ መስላት አልፋት ነበር። ለካ በየማይክሮባሱ ኪሱ ውስጥ ይዟት ሲመላለስ ኖሯል።

አንተነህ ተቀበላትና ከአናቱ ሥር ባለችው ቀዳዳ አስገብቶ በጥንቃቄ ሩብ ዙር አዞረ። ከዚያ ወደ ሳሎን በኩል አየ። "እኔ ቤት ልውሰደው። እዚህ ብንቃኘው ይሰማል፤ ሐዘን ቤት ነው።"

"እውነቱን ነው፤ ሰው ምን ይላል?" አሉ እትዬ አዳነች።

ሰው ምን ይላል። ሠርካለም ይህችን ቃል ከእሳቸው አፍ ስትሰማት የራሷን ድምፅ ነው የሰማችው፣ የዚያን የታክሲውን። "ከዚህ ቤት አይወጣም። እኔ እቃኘዋለሁ" አለች።

እትዬ አዳነች ጥቂት አዩዋት። ከዚያ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉና፣ ማንም እንዳይገባ በሩ ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ቤዙን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጆሮዋን አንገቱ ላይ ለጠፈች። ከወፍራሙ ክር ጀመረች። መቃኛውን ትንሽ ታዞራለች፣ በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ትነካዋለች፤ ከእሷ ጉንጭ በቀር የሚሰማው የለም። የት ማቆም እንዳለባት ማንም አልነገራትም። አንድ ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ስትበሳጭበት የኖረችው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንተነህ ስልኩን ወደ ቤዙ አስጠግቶ የቃና መለኪያውን ያያል፤ "ትንሽ ከፍ... በቃ" ይላል፤ አንዳንዴ እሱ ሳይናገር እሷ ታቆማለች። ቀጭኗ ክር ስትወጠር እንጨቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። አልተሰበረም።

አንተነህ እንደገና በአንድ ዓይኑ አየ። "ጀምሯል። ይመለስ አይመለስ ግን ዛሬ አይታወቅም። ወጥረን ማቆየት ነው" አለ።

"ዓርብ ዓርብ እቃኘዋለሁ" አለች።

ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀለላት። ነጠላውን ሊያለብሰው ሲያነሣ ተቀበለችውና ትከሻዋ ላይ ጣለችው። አንተነህ ወደ ወንዶቹ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ከደረጃው በኩል አዲስ ለቅሶ ተነሣ፤ ዘግይተው የሰሙ ሴቶች ናቸው። ቤዙ ጀመረ። የሠርካለም መዳፍ እንደ ልማዱ ሄዶ ክሮቹ ላይ አረፈ፤ ዝም አለ። ሴቶቹ እየቀረቡ መጡ። ክሮቹ ከመዳፏ ሥር ሲንቀጠቀጡ ይሰማታል። እጇን አነሣች።