ራውተሩ ላይ የተደፋው ድስት

የሒሳብ አስተማሪዋ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢንተርኔቱ እንደገና ከተቋረጠባት ክፍሏ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የኢንተርኔት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቁርጡን ነግሯታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማስተማር በጀመረች ቁጥር ምስሏ ይደርቃል፤ ተማሪዎቹም "ቲቸር፣ ጠፋሽ" ይሏታል። ትምህርቱ ሲያልቅ ዋይፋዩ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ጨዋ ይሆናል። ቢቸግራት የኔትወርክ ባለሙያ ታናሽ ወንድሟን በልመና አስመጣችው።

ወንድምየው መኝታ ቤቷ ገብቶ ኮምፒውተሯን ታቀፈ። ዋይፋዩን ወደሚያሰራጨው ሳጥን፣ ወደ ራውተሩ፣ መቶ ፓኬት የሙከራ መልእክት ላከ፤ መቶውም በቅጽበት ተመለሱ።

"እታለም፣ ምኑን ነው የሚያመው?"

"አንተ ስትመጣማ ይድናል። የሚያመው እኔ ሳስተምር ነው።"

"እንግዲያው አስተምሪ።"

"ማንን?"

"ግድግዳውን።"

ጉሮሮዋን ጠረገች። "ልጆች፣ እንዴት ዋላችሁ? ደብተር አውጡ።" ደቂቃ አልሞላም፣ ስክሪኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች አበዱ። በአምስት ሚሊሰከንድ ይመለስ የነበረው ፓኬት ዘጠኝ መቶ ፈጀ፤ ከመቶው ሠላሳ አራቱ ጭራሽ ቀልጠው ቀሩ። ወንድሟ በሙያው ብዙ ጉድ አይቷል፣ ሰላምታ የሚጠላ ዋይፋይ ግን አይቶ አያውቅም። ተያይዘው ራውተሩ ወደተቀመጠበት ኮሪደር ወጡ።

አብረዋት የሚኖሩት አማቷ በርጩማ ላይ ቆመዋል። የድግሱን ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት ራውተሩ ላይ ደፍተው በሁለት እጃቸው ያመቻቹታል።

"እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለች።

"ጨረሩን እየከደንኩልሽ ነዋ" አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ። "ስታስተምሪ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነሽ። ድምፅሽን ስሰማ እከድነዋለሁ፤ ስትጨርሺ አነሳዋለሁ።"

"የምን ጨረር?" አለ ወንድምየው።

"ለራሴ ብዬ መሰለህ? በሆዷ ላለው ነው እንጂ።"

ክው አለች። ባሏ እንኳ አያውቅም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት፣ ይሄኛውን አራት ወር እስኪሞላው ለማንም ላትተነፍስ ምላ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እዚህ ቤት ያወጣው ድስት ሆነ። ግድግዳውን ተደገፈች።

"በምን አወቁ?"

"ይኸው፣ እንዲህ ግድግዳ ይዘሽ ነው ጠዋት ጠዋት የምትነሺው። ያኔም እንዲሁ ነበርሽ። ዝም ስትዪ ዝም አልኩ። ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አቃተኝ፣ ልጄ።"

ወንድሟ ድስቱን ቀስ ብሎ ተቀበላቸው። "እማማ፣ ይሄ ሳጥን ፅንስ አይነካም። ካላመኑኝ ሳሎን እሰቅለዋለሁ፤ ለእሷ ኢንተርኔቱን በኬብል እስብላታለሁ።"

"ሳሎን ይሻላል" አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቶ ተልኮ መቶ ተመለሰ። ተማሪዎቹ በስክሪኑ ላይ ተደርድረዋል፤ ኃላፊውም ጥግ ላይ ሆኖ ያዳምጣል። እሷ ግን ደርቃ ቀረች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ እየወጡ ሲወርዱ፣ እሷ ዋይፋዩን ትራገም ነበር።

"ቲቸር፣ ደግሞ ተቋረጠ?" አለች አንዷ ልጅ።

ኃላፊው ማይክራፎኑን ከፈተ። በሩ ላይ አማቷ ባዶ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ያዩዋታል።

"አልተቋረጠም" አለች ቶሎ ብላ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። "አለሁ። ደብተር አውጡ።"